ስልቻ፣ ቀልቀሎ፣ ፌስታል

“ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ” ይባላል፤ ያም ያው ይህም ያው ለማለት ሲፈለግ። ተረቱን ያወረሱን ሰዎች ፌስታል የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ኖሮ “ያውማ አይደለም” ይሉ ነበር። ስልቻ ዓመታት ያገለግላል፣ ፌስታል ግን ከገበያ እስከ ቤት ብቻ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ክልከላው የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውንና የማይበሰብሰውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ፌስታሉም በየቦዩ መከማቸቱን ቀጠለ። አሁን የብዙ ሰው ጥያቄ “ታዲያ ዕቃ በምን ልንይዝ ነው?” የሚል ነው። እስቲ ጥያቄውን ይዘን ወደ ላስታ ተራሮች እንውጣ፤ መልሱ እዚያ ከፌስታል በፊት ነበረ።

የላሊበላ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። በድሮው ጊዜ ገብሱም ጤፉም ባቄላውም በአህያ ተጭኖ ገበያ የሚደርሰው በስልቻ ነበር። ስልቻ ማለት ሆዱ ሳይሰነጠቅ እንዳለ የተገፈፈ የፍየል ቆዳ ነው። ይፋቃል፣ ይለፋል፣ የእግሮቹ ቀዳዳ ይታሰራል፣ አፉ በጠፍር ይቋጠራል። ጎኑ ላይ ስፌት የለውም። የጥንካሬው ምስጢር ይኸው ነው፤ ከረጢት ብዙ ጊዜ የሚቀደደው በስፌቱ በኩል ነውና። ለመንገደኛ ስንቅ አቅማዳ አለ። እንጀራ ከነወጡ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ከሣር ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰው አገልግል አለ። ከቤት ቤት እየለመነ ለሚማረው የቆሎ ተማሪ ደግሞ አኮፋዳው አለለት። ለየሥራው የየራሱ መያዣ ነበረ፤ ሲቀደድም ይጠገናል እንጂ አይጣልም።

ከሁሉም የተከበረው ግን ማኅደር ነው። የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ መያዣ። በላስታ አድባራት መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በትከሻ ተነግቶም ይጓዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብራናውም የፍየል ቆዳ ነው፣ ስልቻውም የፍየል ቆዳ ነው። ብራናም ይፋቃል፣ ስልቻም ይፋቃል። ብራና ፍቆ የጻፈበት ሰው “የኔታ” ተባለ፤ ስልቻ የፋቀው ሰው “ፋቂ” ተባለ። ቆዳው አንድ፣ ግሡ አንድ፣ አንዱ ማዕረግ ሌላው ስድብ! ቆዳ ፋቂው በቡዳነት ይታማል፣ ልጁን የሚያገባለት ከራሱ ወገን ሌላ አይገኝም፣ በብዙ ቦታም ርስት አልነበረውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ ልክ እንደ ፌስታሉ።

ከዚያስ? በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ላስታን ክፉኛ መታት፣ ከሰው ጋር ከብቱም ፍየሉም አለቀ። የእርዳታ እህል በጆንያና በላስቲክ ከረጢት መጣ። እህሉ አለቀ፣ ከረጢቱ ቀረ። ቀጥሎ ዳፕና ዩሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ ገባ፣ ከረጢቱም ራሱ “ማዳበሪያ” የሚል ስም ወጣለት። እውነቱን እንነጋገር፤ ስልቻ ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ ዝናብም አይስማማውም። በርካሽና በቀላል ነገር መተካቱ አይገርምም። የሚያሳዝነው ሙያው ከዘመኑ ጋር መሸጋገር አለመቻሉ ነው። ያ የቆዳ ጥበብ ዛሬ ጠንካራ የገበያ ቦርሳ ሊወጣው ይችል ነበር። ግን የሚሰደብበትን ሙያ ማን ለልጁ ያወርሳል?

አሁን ምን እንምረጥ ለምትሉ፣ “ጨርቅ ከሆነ ጥሩ ነው” ብላችሁ አትቸኩሉ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንዴ ከሚጣል ፌስታል ጋር እኩል እንዲሆን 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ላስቲክ ለተሠራ ቦርሳ 11 ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከምን መሠራቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ መያዙ ነው። በዚህ ሒሳብ፣ ሥራውን ከጨረሰ የስኳር ወይም የዱቄት ከረጢት የሚሰፋ ቦርሳ በጣም አዋጪ ነው። (ማዳበሪያ የነበረበት ግን ለምግብ አይሁን።) ስታሠሩ አፉ ሁለቴ ታጥፎ ይሰፋ። ማንገቻው አፉ ላይ ብቻ ከሚለጠፍ በታች ዞሮ ቂጡን ይሸከም፤ ያኔ ክብደቱ ስፌቱ ላይ አያርፍም።

አዋጅ ፌስታልን ሊያስጥለን ይችላል፣ ስልቻ ፋቂውን ግን አይመልስልንም። በምትኩ ዛሬ የሚሰፉ እጆች አሉ። መንገድ ዳር በሲንጀር የምትሰፋዋን ሴት፣ ዘንቢል የሚጎነጉነውን ልጅ “ይህ ምን ሥራ አለው!” እያልን ዋጋ የምናሰብር ከሆነ፣ የላስታን ታሪክ እየደገምነው ነው። ዓመታት የሚቆይ ቦርሳ የሚሠራ ሰው፣ ከሥራው የሚኖርበት ዋጋና የሚጠራበት መልካም ስም ያስፈልገዋል። ሁለቱንም የምንሰጠው እኛ ገዢዎቹ ነን።