የመሸጋገሪያ ሽፋን፦ በመጨረሻው ደመወዝና በጡረታው መካከል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲያርፍ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያመጣ፣ ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል የታወቀ ነው። ዕድሩ ደንብ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ያልከፈለም ይቀጣበታል። ይኸው ሰው ሳይሞት ቢታመምስ? ደመወዝተኛ ሳለ መሥሪያ ቤቱ ወይም ድርጅቱ በአንድም በሌላም መንገድ ያግዘዋል። ጡረታ ከወጣ ደግሞ ቢያንስ በሕግ የተጻፈለት ነገር አለ። ግራ የሚያጋባው ሁለቱም የሌሉበት ጊዜ ነው፤ በ50 ወይም በ52 ዓመቱ ሥራውን ለቆ፣ በግ ላድልብ ወይም ሱቅ ልክፈት ብሎ፣ የጡረታው ቀን ገና ሳይደርስ።

ለዚህ ጊዜ የሚሆነውን የሕክምና ዋስትና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ብሪጅ ኮቨሬጅ» ይሉታል። አሠሪው ያስገባው የጤና መድን ካበቃበት ቀን አንስቶ የመንግሥት መድን እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ አንድ ሰው የሚይዘው ሽፋን ማለት ነው። በአማርኛ «የመሸጋገሪያ ሽፋን» ቢባል ይስማማዋል። «የድልድይ ሽፋን» ቢሉት ሰሚው ስለ መንገድ ሥራ የሚወራ ይመስለዋል፤ «የሽግግር ሽፋን» ደግሞ ከ1983ቱ የሽግግር መንግሥት ወዲህ ፖለቲካ ፖለቲካ ይሸታል። መሸጋገሪያ ግን የገበሬ ቤት ቋንቋ ነው። ጎተራ በሚራቆትበት በክረምቱ ወራት፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ቤተሰቡን የሚያቆየው እህል ክረምት መሸጋገሪያ ነው፤ አስቀድሞ ተለክቶ ካልተቀመጠ ነሐሴ ላይ አይገኝም።

ቃሉ የተወለደው አሜሪካ ነው፤ የተወለደበትም ምክንያት ሁለት ዕድሜዎች አለመግጠማቸው ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 የፈረሙበት «ሜዲኬር» የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን በ65 ዓመት ይጀምራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ግን፣ መጠኑ ተቀንሶም ቢሆን፣ ከ62 ዓመት ጀምሮ ሊወሰድ ይችላል። እንግዲህ በ62 ዓመቱ ሥራ ያቆመ ሰው የጡረታ ገንዘብ እየተቀበለ ሦስት ዓመት ያለ ሜዲኬር ይኖራል። የሕክምና ውድነቱ በሚታወቅ አገር ሦስት ዓመት ረጅም ነው።

ይህን ጊዜ ለመሻገር በተለምዶ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ኮብራ» የሚባለው ሕግ ነው፦ ሥራ የለቀቀ ሰው የቀድሞ ድርጅቱን መድን ብዙውን ጊዜ ለ18 ወራት ይዞ መቀጠል ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውንም ድርሻ ራሱ ይሸከምና እስከ ሙሉው ዓረቦን 102 በመቶ ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ያሰቡበት ሰዎች 63 ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላቸው ሥራ አይለቁም፤ ከዚያ ወዲያ 18 ወሩ ልክ 65 ላይ ያደርሳቸዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ሽፋን መስጠት የጀመረው የመድን ገበያ ነው። የሥራ መድኑ የተቋረጠበት ሰው በ60 ቀናት ውስጥ ከተመዘገበ፣ ስኳርም ሆነ ደም ግፊት ቢኖርበት የመድን ኩባንያው አልቀበልም ሊለው አይችልም። ዕድሜው ግን ያስከፍለዋል፤ ለ64 ዓመት ሰው የሚጠየቀው ዓረቦን ለ21 ዓመት ወጣት ከሚጠየቀው እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ እንዲችል ገበያውን ያቋቋመው ሕግ ፈቅዷል።

ቃሉን ወደ ሰሜን ሸዋ ስናመጣው ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ከዚያ በፊት ለሚለቅ ሰው በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 አንድ በር ከፍቷል፤ 25 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ ከጡረታ መውጫ ዕድሜው 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከ55 ዓመቱ ጀምሮ፣ የዕድሜ ልክ አበል እንዲያገኝ ደንግጓል። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ስድሳው ስድሳ እንደሆነ ቀጥሏል።

ለምሳሌ በ25 ዓመቷ ማስተማር የጀመረች የደብረ ብርሃን መምህርት እናስብ። በ50 ዓመቷ 25 ዓመት ሞላት፤ በቃኝ ብላ ለቀቀች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ነበር እንበል። በ714 ስሌት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 15 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይታሰብላታል፤ በድምሩ 48.75 በመቶ፣ ማለትም በወር 4,875 ብር። ይህን ገንዘብ የምታየው ግን 55 ሲሞላት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝም ጡረታም የለም። ስሌቱም የሚቆመው በለቀቀችበት ጊዜ ደመወዝ ላይ ነው፤ በመካከሉ ገበያው ቢንር፣ ባልደረቦቿ ደመወዝ ቢጨመርላቸው፣ አማካዩ ከቦታው አይነቃነቅም። እስከ 60 ብትሠራ 35 ዓመት ይሆንላትና 61.25 በመቶ ታገኝ ነበር። የአሜሪካው ቀድሞ ጡረተኛ አበል ይዞ መድን ያጣል፤ የእኛዋ መምህርት ሁለቱንም ነው የምታጣው።

የመንግሥቱ መድንስ መቼ ይጀምራል? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የመደበኛው ዘርፍ ሠራተኛ ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ፣ መንግሥትም ለጡረተኛው 1 በመቶ እንዲከፍሉ ታስቦ ነበር። የመምህርቷ ድርሻ በወር ከ49 ብር አይበልጥም ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከደመወዛችን ተቆርጦ በምላሹ ምን ዓይነት ሕክምና ልናገኝ ነው የሚለው የሠራተኛው ጥያቄ፣ የጤና ተቋማቱም ዝግጁነት፣ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ደጋግመው ገፉት። አዋጁ ከአሥር ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቆይቷል።

በዚያው ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ቀድሞት ሄደ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ የአማራዎቹ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ይህ ደመወዝ ለሌለው ሰው የተሰናዳ ነው፤ ለአራሹ፣ ለነጋዴው፣ ለእጅ ባለሙያው። አባል የሚሆነው ግለሰቡ ብቻ ሳይሆን መላው ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መንግሥት ይሸፍናል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግራ ያጋባል። በሕጉ አቀማመጥ ጡረተኛው የማኅበራዊው መድህን ወገን ተደርጎ ተቆጥሯል፤ ያ መድህን ደግሞ ለዓመታት ሲጠበቅ ኖሯል። ቀድሞ ለቆ አበል ያልጀመረው፣ በግ የሚያደልበው ወይም ሱቅ የከፈተው ሰው ግን ከመደበኛው ዘርፍ ወጥቷልና የማኅበረሰብ አቀፉ በር ይከፈትለታል። መሸጋገሪያው ከመድረሻው ቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው። እንደ መምህርቷ ያለች ሴት አበሏ በሚጀምርበት ዓመት የመድህን ደብተሯ ይታደስላት እንደሆነ ቀበሌዋን አስቀድማ መጠየቅ ያለባት ለዚህ ነው፤ 55ኛው ልደቷ ደስታ ብቻ ይዞ አይመጣም።

እቅዱ ራሱ ብዙ ጥበብ አይፈልግም፤ ቀን መቁጠር ነው የሚፈልገው። የማኅበረሰብ አቀፉ ምዝገባ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው እህሉ ከተወቃ በኋላ ስለሆነ ምዝገባውና እድሳቱ በበጋው ወራት እንዲሆን ተደርጓል። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ሥራ የለቀቀ ሰው ታዲያ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ድረስ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ምዝገባው ከሚከፈትበት ወር ጋር ማገጣጠም ምንም ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ስንቱ ያስበዋል? ባል ወይም ሚስት በሥራ ላይ ያለና ድርጅቱ ለቤተሰብ ጭምር የሕክምና መድን የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ለብቻ ወደ መድን ኩባንያ ሄዶ የሕክምና ፖሊሲ መግዛት ያን ያህል አማራጭ አይሆንም፤ በአገራችን ይህ ውል በአመዛኙ ለድርጅት በቡድን የሚሸጥ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅም አብሮት አይወጣም።

ሽፋኑ የማይሸፍነውንም ማወቅ ያሻል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ የመጨረሻው ለ55 ዓመት ሰው ብዙም ባያሳስብ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን በዚያ ዕድሜ ነው የሚመጡት። መንገዱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የአንኮበር ነዋሪ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጻፍለት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ እዚያም የማይቻል ከሆነ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ምግብ ወጪ ከኪስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሪፈሩ በእጅ እያለ መድረስ የማይቻልበት ቀን አለ። ተራውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አባልም፣ በሙከራው ጊዜ በተተከለው አሠራር፣ ግማሹን ወጪ ራሱ ይከፍላል። የታዘዘው መድኃኒት ከተቋሙ ሲጠፋ ከውጭ መግዛት የአባላት የዘወትር ቅሬታ ነው፤ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ስለዚህ የጥቂት ወራት የመድኃኒት ዋጋ ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ሌላም ወገን አለ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው፣ በሆስፒታልና በሆቴል ሠርተው፣ ደብረ ብርሃን ቤት ሠርተው መግባት የሚያልሙ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥራ ቀድሞ ማቆሙ ሳይሆን አገር መግባቱ ነው ሽፋኑን የሚያሳጣቸው። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ግብር የከፈለ ሰው የሆስፒታሉን ክፍል («ፓርት ኤ») ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል፤ ግን ደብረ ብርሃን ሆኖ ቢታመም ካርዱ አይሠራም፤ ለመታከም ተመልሶ መብረር አለበት።

የሐኪሙ ክፍል («ፓርት ቢ») ደግሞ በየወሩ የሚከፈልበት ነው። አገሬ ገብቻለሁ፣ የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች ትክክል ይመስላል፤ ለማይመለስ ሰውም ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚመለስ ከሆነ ግን ሳይመዘገብ ላሳለፋቸው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወራት 10 በመቶ በወርኃዊ ክፍያው ላይ ይጨመርበታል። በ65 ዓመቱ ሳይመዘገብ ደብረ ብርሃን ገብቶ በ70 ዓመቱ ለልብ ሕክምና የሚመለስ ሰው እስከ 50 በመቶ ተጨማሪ ሊከፍል ይችላል፤ ያውም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ፓርት ቢን ይዞ እስከኖረ ድረስ። በኮብራ ላይ የቆየም ሰው ከዚህ ቅጣት አያመልጥም፤ ሕጉ ኮብራን እንደ ሥራ ላይ ያለ ሰው መድን አይቆጥረውም። 65 ሊሞላው ሲል የሚከፈተው መስኮት ሰባት ወር ነው፦ ከልደቱ ወር በፊት ሦስት፣ የልደቱ ወር ራሱና ከዚያ በኋላ ሦስት። የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ በፊት የተቆረጠ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከጉዞው በፊት ቢያልቅ ይሻላል።