የመድኃኒት መለያ ጽሑፍና የባለመድኃኒት ቤቱ ኃላፊነት በአሜሪካ ሕግ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ የእንቅልፍ መድኃኒት የሸጠ ባለመድኃኒት ቤት በፌዴራል ሕግ ሲከሰስ የክሱ ስም ሰሚውን ያስገርም ነበር። የሚጠየቅበት ወንጀል ያለ ማዘዣ መሸጡ ሳይሆን መድኃኒቱን «መለያው የተዛባ» ማድረጉ ነበርና። መድኃኒቱ ንጹሕ፣ መጠኑም ልክ ሊሆን ይችላል።

የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1937 በደረሰው እልቂት ላይ ይገኛል። «ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ» የተባለው ፈሳሽ መድኃኒት የተበጠበጠው ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል መርዝ ስለ ነበረ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በጊዜው መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲመረመር የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረ አምራቹ የተቀጣው «ኤሊክሲር» የሚለው ስም አልኮል ያለበትን ብቻ የሚያመለክት በመሆኑ ነው። መቀጫውም 26,100 ዶላር ነበር። ለጠፋው ነፍስ ሁሉ ሕጉ ያገኘው ጥፋት አንድ ቃል ብቻ መሆኑ ዛሬም ያሳዝናል።

በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ እያንዳንዱ መድኃኒት በቂ የአወሳሰድ መመሪያና ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው አዘዘ፤ ባርቢቹሬት በተባሉት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ላይም ሱስ ሊያስይዙ እንደሚችሉ እንዲጻፍ ደነገገ። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጠው መድኃኒት ግን መመሪያውን የሚሰጠው ሐኪሙ ስለሆነ ከመመሪያው ግዴታ ነፃ ተደረገ። እንግዲህ ባለመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ነፃነቱ ይቀርና መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት መለያው የተዛባ ይሆናል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ ወይም ሁለቱም ነበር፤ ጥፋቱ ሲደገም ወይም ለማታለል ታስቦ ሲፈጸም እስከ 3 ዓመትና እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል።

ይህ ሥልጣን እስከ ችርቻሮው ጠረጴዛ ይደርሳልን? ጥያቄው የተፈታው በሰሊቫን ክርክር ነው። ሰሊቫን በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ባለመድኃኒት ቤት ሲሆን፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት ተጭኖ ከመጣና መለያው ከተሟላለት ጠርሙስ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የሰልፋታያዞል ክኒኖች አውጥቶ የመድኃኒቱ ስም ብቻ በተጻፈባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ሸጠ። የይግባኙ ፍርድ ቤት የፌዴራሉ መንግሥት በአካባቢ ንግድ እንዳይገባ ሠግቶ ፍርዱን ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ጥፋተኛነቱን አጸና፤ ሕጉ መድኃኒቱን እስከ ገዢው እጅ ይከተላል አለ። የብሎን ጥንካሬ ምልክት ራሱ ላይ ስለሚቀረጽ ካርቶኑ ቢጣልም አብሮት ይኖራል። ክኒን ግን ከጠርሙሱ ሲወጣ ማስጠንቀቂያውን ጥሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የደርሃምና የሀምፍሪ ማሻሻያ ይህን ሁሉ በግልጽ ቃል አስገባ። ሁለቱም አርቃቂዎች፣ የምክር ቤት አባሉ ደርሃምና ሴናተር ሀምፍሪ፣ በሙያቸው መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። ማዘዣ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ እየተደጋገመ እንዳይሞላ ከለከሉ። በሌላ በኩል ሐኪሙ በቃል፣ ለምሳሌ በስልክ፣ እንዲያዝ ፈቀዱ፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ግን ትእዛዙን ወዲያው በጽሑፍ አስፍሮ መዝገብ ውስጥ የማኖር ግዴታ አለበት።