ዘመናችንን በክፍት ኮድ መቁጠር፦ ከኬፕ ታውን እስከ ፈረስ ቤት



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ሶፍትዌር ታሪክ ነው። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የታሪክ ተማሪን ሁሉ የሚመለከት ጥያቄ ነው፦ ዘመናችንን የሚቆጥርልን ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1994 የአፓርታይድ ሥርዓት ሲያከትም በደቡብ አፍሪካ በዘር ተከፋፍሎ የኖረው የጤና አስተዳደር አንድ መሆን ነበረበት። የተበታተነውን መረጃ ለማሰባሰብ የኬፕ ታውን ምሁራንና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወረዳ ጤና መረጃ ሥርዓትን ወጠኑ። የመጀመሪያው ሶፍትዌር በየኮምፒውተሩ ለየብቻ የሚጫን ነበር። በድር ላይ የሚሠራው ተከታዩ፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕንድ ኬረላ ግዛት ሥራ ላይ ዋለ። የምንጭ ኮዱ ዛሬ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ነው። ፈቃዱም የባለመብቱ መግለጫ እስከተጠበቀ ድረስ መጠቀምን፣ ማሻሻልንና ማሰራጨትን ይፈቅዳል።

አጫጫኑ ምሥጢር የለውም። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ይዘጋጃል፤ ቶምካት የተባለው ፕሮግራም ይጫናል፤ የመረጃ ቋቱ ስምና የይለፍ ቃል በማዋቀሪያ ፋይል ይጻፋል፤ በመጨረሻም የወረደው ፋይል በቶምካት ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወራት አሉት፤ 12ቱ ባለ 30 ቀን ናቸው፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። ለ12 ወራት ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደን ሕፃን በየትኛው ወር ይመዘግበዋል? ዝግ ሶፍትዌር የገዛ ተቋም ሻጩን ደጅ ከመጥናት በቀር ምርጫ የለውም። ኮዱ ክፍት ሲሆን ግን ጎደሎው ይታያል፤ የሚታይ ጎደሎም ይሞላል። ዛሬ በዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚመረጡት አቆጣጠሮች አንዱ ነው።

ጤና ሚኒስቴር ሥርዓቱን በ2010 ዓ.ም. ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለ። ከፈረስ ቤት የሚነሣ የክትባት ቁጥር በደጋ ዳሞት ወረዳ፣ በፍኖተ ሰላም በዞኑ፣ በባሕር ዳር በክልሉ አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ያው ቁጥር፣ ያው ወር ሆኖ መገኘት አለበት። ወሩ ከተዛባ የመድኃኒቱ ስሌት ይዛባል፤ ዋጋውን የምትከፍለውም ልጇን አዝላ መንገድ የወጣች እናት ናት።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንድ መደምደሚያ ነው። ኮድን ያወረደ ሁሉ የኮድ ባለቤት አይሆንም። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ይቀጽላል፤ ማዕረጉ የሚታወቀው ግን የራሱን ቆጥሮ ሲዘርፍ ነው። ሰርቨር ላይ መጫን ገና መስማት ነው። ኮዱን ማንበብ፣ ስሕተቱን ማረም፣ እርማቱንም ለሌላው እንዲጠቅም ወደ ማከማቻው መመለስ የቆጣሪው ሥራ ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ኮድ አልጽፍም። ሆኖም የዘመን አቆጣጠራችን በብራና ላይ የኖረው የሚያሰላው ሰው በየዘመኑ ስላልጠፋ መሆኑን አውቃለሁ። በኮድ ውስጥም የሚኖረው ከእናንተ መካከል የሚያሰላው ሲገኝ ነው።