የዓባይ ውልና «ዉድ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ግሥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ሲና ከመግባቱ በፊት፣ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሸንተረር የውሃ መለያያ ነው። በምዕራቡ ገጽ የሚያርፈው ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ወርዶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲጓዝ፣ በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው ግን አዋሽን ተከትሎ በአፋር በረሃ ይቀራል። የምሥራቁ ውሃ ጠያቂ የለውም። የምዕራቡ ውሃ መድረሻ የሆነው ዓባይ ግን ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ በውል የታሰረ ወንዝ ነው። ማሰሪያው ምን ያህል ጠባብ ወይም ሰፊ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከውሃ ምሕንድስና አስቀድሞ የእንግሊዝኛን ሰዋስው መመርመር ይኖርበታል።

ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ዋና ጉዳዩ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነበር። ስለ ውሃ የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ፣ አስቀድሞ ስምምነት ሳይደረግ፣ ወደ ናይል የሚወርደውን ውሃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ወይም እንዳያሠሩ ግዴታ ገብተዋል። የጀማ ስም በውሉ ውስጥ የለም፤ የሌሎቹም ገባሮች እንዲሁ። «የሚያቆም» ለሚለው እንግሊዝኛው ያስቀመጠው ሐረግ «ዉድ አሬስት» የሚል ነው።

«ዉድ» በአፈጣጠሯ «ዊል» የተባለችው ረዳት ግሥ የኃላፊ ጊዜ መልክ ናት። እዚህ ግን ያለፈ ነገር አትናገርም። «ቢሆን» ተብሎ በሐሳብ ለተያዘ ነገር ውጤቱን ትናገራለች። በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲገለጽ እንግሊዝኛው «ኢፍ ኢት ዌር ቢልት» ይላል፤ «ቢሠራ» ማለት ነው። ለአንድ ነገር በተለመደው «ወዝ» ፈንታ «ዌር» መግባቱ፣ የግዕዝ መምህራን ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር የሚቀራረበው የግሥ ስልት በእንግሊዝኛ ውስጥ የተወው ቅሪት ነው። በውሉ ውስጥ ይህ «ቢሠራ» አልተጻፈም፤ በ«ዉድ» ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ አንቀጹ የሚከለክለው ማናቸውንም ሥራ ሳይሆን፣ ቢሠራ ውጤቱ የውሃውን ፍሰት ማቆም የሚሆነውን ሥራ ብቻ ነው። በሥራ ውል ሰነድ ላይ «ሻል» በሚለውና «ሹድ» በሚለው መካከል ስንት ገንዘብ እንዳለ የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን እንደ ቃላት ጨዋታ አይቆጥረውም።

እንግሊዞች ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አጥተው እንዳልነበረ ከውሉ በፊትና በኋላ የተዋዋሏቸው ሰነዶች ይመሰክራሉ። በ1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891) ከኢጣልያ ጋር ስለ አትባራ ወንዝ ሲስማሙ፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የከለከለው ፍሰቱን ጉልህ በሆነ መጠን «ሊለውጥ የሚችል» ሥራ ነበር። ረዳት ግሡ «ማይት» ነው። «ማይት» በሚገባበት ስፍራ ለተቃዋሚው ጥርጣሬ ይበቃዋል፤ «ዉድ» በሚገባበት ስፍራ ግን ውጤቱ በእርግጥ የሚከተል መሆኑን ማሳየት አለበት። በ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) ስለ ሰምሊኪና ኢሳንጎ ወንዞች ከኮንጎ ነጻ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል ደግሞ የአዲስ አበባው ዓረፍተ ነገር ከነ«ዉድ»ው ተገልብጦ፣ «አሬስት» ወጥቶ «ዲሚኒሽ»፣ ማለትም «የሚቀንስ» የሚለው ገብቷል። «መቀነስ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ መንግሥት በአዲስ አበባ «ማቆም» ብሎ ከጻፈ፣ ሊነበብ የሚገባው እንደ ጻፈው ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ሌላ መንገድ ይዟል። ምኒልክ የግሥ ነገር ምን እንደሚያስከትል የተማሩት፣ ይኸው የደብረ ሲና ጎዳና ከደሴ አልፎ በሚደርስባት በውጫሌ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ኢጣልያንኛው «ይስማማሉ» በማለቱ፣ ኢጣልያ ፈቃዱን ግዴታ አድርጋ ተረጐመችው፤ ነገሩም በዐድዋ ተቋጨ። በ1894ቱ ውል አማርኛው «ተዳር እዳር የሚደፍን» ይላል። «የሚደፍን» ያለውን፣ ወደፊት የሚሆነውንና ቢሠራ የሚሆነውን በአንድ መልክ ስለሚይዝ የ«ዉድ»ን ሥራ ብቻውን አይሠራም። ድንበሩን ያበጀው «ተዳር እዳር» የሚለው ተውሳከ ግሥ ነው። ሌላም ልዩነት አለ፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛው ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ሲሆን፣ በአማርኛው ከእንግሊዝ መንግሥት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ከጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋር በተነጋገሩ ጊዜ ታላቋ ብሪታንያ ይህን አንቀጽ አንሥታ ተከራክራለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓባይ የተጻፈ የሕግ ክርክር አንቀጹን ሳይጠቅስ ያለፈበት ጊዜ ጥቂት ነው። ውሉ ዛሬ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ነው።

በተለምዶ አማርኛው ለኢትዮጵያ የላላ፣ እንግሊዝኛው የጠበቀ እንደ ሆነ ይነገራል። በመሐንዲስ ዓይን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ቁመትና 1,780 ሜትር ርዝመት አለው። ቅርጹን ብቻ ለሚያይ ሰው ወንዙን ከዳር እዳር ይዞታል። እንግሊዝኛው ግን የሚጠይቀው ስለ ግንቡ ሳይሆን ስለ ፍሰቱ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየዓመቱ ሲሞላ፣ ከውሃው ከፊሉ ተይዞ ቀሪው ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በኮንጎው ውል «ዲሚኒሽ» ቢመዘን ሙሌቱ አከራካሪ በሆነ ነበር፤ በአዲስ አበባው «አሬስት» ሲመዘን ግን አልቆመም። መልሱን የሚሰጠውም የግድቡ ፎቶግራፍ ሳይሆን፣ ከወሰኑ ማዶ በኤል ዴይም የቆመው የውሃ መለኪያ ጣቢያ ነው።