የምላስ ቁስል በአርሲ ደጋ፦ ከዳማከሴ እስከ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ፣ ትኩሳትን ተከትሎ በከንፈር ላይ የሚወጣውና ሲብስ ምላስንም የሚይዘው ቁስል፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ደጋ ሁሉ፣ በጥንት ስሙ «ምች» ይባላል። አንድ ሰው «ምች መታው» ሲባል ላቡ ሳይደርቅ ወይም ከእንቅልፉ እንደተነሣ ድንገት ፀሐይ አግኝቶታል ማለት ነው። መድኃኒቱም ከጓሮ አይጠፋም፤ የዳማከሴ ቅጠል ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ገላም ይታሽበታል። ይህን አስተሳሰብ አጉል እምነት ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ቁስል መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ በነርቭ ኅዋሳት ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው የሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን፣ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ትኩሳትና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይገኙበታል። ጨረሩም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል።

ችግሩ ስሙ ቁስሉንም ትኩሳቱንም ጠቅልሎ መያዙ ነበር። ቁስሉ ሲታከም የትኩሳቱ ምንጭ ሳይጠየቅ ይቀራል። ከትኩሳቱ ጀርባ የሳንባ ምች ሊኖር ይችላል (ቋንቋው ራሱ ሁለቱን በአንድ ቃል ማስተሳሰሩ ልብ ሊባል ይገባል)፤ ወይም በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በአሰላ ሆስፒታል በታከሙ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ለኅትመት መብቃቱ ይታወሳል።

ዘመናዊው ክሊኒክ ይዞት የመጣው መልስ ደግሞ ጂ.ቪ. ነበር። ድሬሰሩም ሆነ ነርሱ የሕፃኑን ኩፍኝ ያቆሰለውን አፍ፣ የጡት ጠቢውን ነጭ ምላስና የሽማግሌውን የቆየ ቁስል በዚያው ወይን ጠጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቀበለችው የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና መመሪያ አሠራሩን ሥርዓት አስያዘው፤ አፉ በጣት ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅና በጨው ውኃ ከተጠረገ በኋላ፣ በግማሽ የቀጠነ፣ ማለትም 0.25 በመቶ የሆነ ጂ.ቪ. በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል። ሳይቀጥን ከተቀባ መድኃኒቱ ራሱ የአፍን ስስ ሽፋን ሊያቆስል ይችላልና። ቀለሙ ግን ሌላም ጉዳት ነበረው። ከ2 ሳምንት በላይ የማይድን፣ ጠርዙ የጠነከረ የምላስ ቁስል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተወስዶ መመርመር ሲገባው፣ ቀለም ተቀብቶ የተሸኘ ሕመምተኛ ጊዜውን ያጣል።

ምላስን በእርግጥ እንድንመለከት ያስገደደን ኤድስ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በባንጉዊ የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት መለያ፣ የደም ምርመራ በሌለበት ሥፍራ በሽታውን በምልክቶች ለመለየት ሲያስችል፣ የአፍና የጉሮሮ ካንዲዳን ከንዑሳን ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዘገበ። ስለሆነም የመመርመሪያ ኪት ለሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ፣ ከሰውነት መክሳትና ከማያቋርጥ ተቅማጥ ጋር የታየ ነጭ ምላስ የላቦራቶሪ ውጤትን ያህል ከባድ ዜና ሆነ። ጂ.ቪ. እና ኒስታቲን ነጩን ልባስ ያነሡ ነበር፤ ልባሱ ግን ይመለሳል። ወደ ምግብ ቧንቧ የወረደውንና መዋጥ የሚከለክለውን የሚያሽረው ፍሉኮናዞል ለብዙዎች በዋጋው የማይደረስበት ሆኖ ቆየ። አምራቹ ፋይዘር መድኃኒቱን በነፃ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት ወደ ሌሎች ድሃ ሀገሮች አስፋፋው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ፣ በጥር 2005 ደግሞ በነፃ የተጀመረው ፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና የካንዲዳን ምላስ በእጅጉ አሳነሰ። ይሁን እንጂ ሌላ ቁስል አብሮ መጣ። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ የነበረው ኔቪራፒን፣ እንዲሁም ለመከላከያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ስቲቨንስ-ጆንሰን የተባለውን ቆዳንና አፍን የሚልጥ አደገኛ አለርጂ ያስከትላሉ። ለዚህም ነበር ኔቪራፒን ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው። መድኃኒት ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሽፍታ ይዞ፣ ምላሱ ቆስሎ የመጣ ሰው «የተለመደው ካንዲዳ ነው» ተብሎ ቢሸኝ ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ኔቪራፒን በኋላ ለዶሉቴግራቪር ሥፍራውን ለቋል፤ ኮትሪሞክሳዞል ግን አሁንም በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይገኛል።