ሃርት አታክ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፦ ሰዓቱ የሚባክነው የት ነው?

«ጨጓራዬ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ተኝቶ ያልነጋለት ሰው ወሬ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ለዚህ ነው ይህንን ሴቭ አድርጋችሁ እንድትይዙት ያዘጋጀነው።

📌 ምንድነው?
ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ከ«ልብ ድካም» ይለያል፤ ድካም የሚባለው ልብ ደም የመርጨት አቅሟ ሲቀንስ ነው።

📌 ምልክቱስ?
ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ የሚመስል ህመም፣ ወደ ግራ እጅ፣ ትከሻ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ህሙማን ላይ ግን ያለ ደረት ህመም፣ በማቅለሽለሽና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል።

📌 ጥሩ ህክምና በምን ይለካል?
በደቂቃ። ታካሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) መነሳት አለበት። የተዘጋው ቧንቧ ደግሞ በ120 ደቂቃ ውስጥ በካቴተር ቢከፈት ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ህመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ።

📌 እኛ ጋስ?
የካቴተር ህክምና በአገራችን በጥቂት ቦታ ያለ ሲሆን አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ! 120ው ደቂቃ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሾኔ፣ ሆመቾ ወይም ሺንሺቾ ያለ ሆስፒታል ኢሲጂ ማንሳቱ፣ አስፕሪን መስጠቱና ቶሎ ሪፈር መጻፉ ነፍስ የሚያድን ሥራ ነው። በአካባቢው ትልቁ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው።

📌 ገንዘቡስ?
የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከምባታ ውስጥ ያለው ዳምቦያ አንዱ ነበር። መድኑ የሚሠራው ግን ውል ባላቸው ተቋማት ነው። መድኃኒቱ እዚያ ከሌለ ከኪስ ይገዛል፤ በሬ ሸጦ የሚታከም ገበሬ ላይ ይሄ ከባድ ነው።

📌 ዛሬውኑ
👉 የወላጆቻችሁን የመድን ደብተር እዩ፣ ካልታደሰ አሳድሱ።
👉 ግፊትና ስኳራቸውን አስለኩ።
👉 የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ መዝግቡ።
👉 ህመሙ ሲመጣ በእግር አታስኬዱ፣ «ይለቀው ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ።
👉 ስትደርሱ «ደረቱን ካመመው ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል፣ ኢሲጂ ይነሳለት» በሉ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው እማማና አባባ ደግሞ አንብቡላቸው።