ሁለት አገር ያለው ልጅ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ስለተፋቱ ባልና ሚስት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «እንዴት ተካፈሉ?» የሚል ነው። ቤቱ ለማን ደረሰ? በሬዎቹስ? መሬቱስ? «ልጆቹስ?» የሚለው ዘግየት ብሎ ይመጣል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ «እናታቸው ጋ ናቸው።» ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል፤ የልጁ ኑሮ ግን ገና ከዚያ ነው የሚጀምረው።

በዓልን የት ይውላል? ትምህርት ቤት ማን ያስገባዋል? ሲታመም ማን ይወስናል? እነዚህን አንድ በአንድ ጽፎ መስማማትን ፈረንጆቹ «ፓረንቲንግ ፕላን» ይሉታል፤ እኛ የልጅ አስተዳደግ ስምምነት ብንለው ያስኬዳል። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ልጅ ያላቸው ተፋቺዎች እንዲህ ያለ እቅድ እንዲኖራቸው አደረገች። ነገሩ ከውጭ የመጣ ይመስላል። የጎጃምን የመሬትና የጋብቻ ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር ታየኝ፦ የተፋቱ ሰዎች ልጅ ከአንዱ ወገን ተቆርጦ እንዳይቀር የሚይዘው ነገር እኛም ነበረን። ወረቀት አልነበረም፤ መሬት ነበር።

ፍቺ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በቁርባን የተጋባ እንዲህ በቀላሉ አይፋታም። ብዙው ባላገር ግን የሚጋባው በሰማንያ ነበር፦ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ንብረት ተቆጥሮ። በሽማግሌ የታሰረው በሽማግሌ ይፈታል። በ1990 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ትዳሮች 45 ከመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ያበቃል፤ ከሚፋቱት ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛዎቹ የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው። ልጅ ካለ እንግዲህ ገና ሕፃን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሕፃን የማን ነበር?

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላም በላይ ባለው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የመሬት ሥሪቱን አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ ሥራ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ዋና ነገር ይሄ ነው፦ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርዳል። እናት ተፈትታ ወደ ወላጆቿ አገር ብትመለስ፣ ልጇንም ይዛው ብትሄድ፣ ልጁ በአባቱ ወገን ያለው መብት አይሰረዝም። አድጎ ተመልሶ «የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ድርሻዬን» ሊል ይችላል። ይህን ለማለት ግን የትውልድ ሐረጉን እስከ ዋናው አባት ድረስ መቁጠር አለበት። ስለዚህ እናቱ በአባቱ ብትናደድም፣ ስሙን ከልጁ አፍ ብታጠፋ የምታጠፋው የልጇን እርሻ ነው። ለአባትም እንደዚያው፤ ልጁ በእናቱ አገር ሌላ መሬት ይጠብቀዋል። ልጁ ሁለት አገር ነበረው።

ይህን ሳነሳ የድሮውን ዘመን እያቆነጀሁ እንዳይመስል። ድርሻን መጠየቅ ሌላ፣ ማግኘት ሌላ ነው፤ ሙግት የሚችልና ሰው ያለው ነው የሚያገኘው። ጥጃ ለመጠበቅ የደረሰ ልጅ ጉልበት ስለሆነ እንደ በሬው ሊጎተትም ይችላል። እናቷ ጋ ያደገች ልጅ ምንም ላትባል ትችላለች፤ ወንዱ ግን «ሴት ያሳደገው» ተብሎ ይሰደባል። ስድቡ ዛሬም አልሞተም። ቢሆንም የርስት ክብደት ቀላል አልነበረም፦ በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም ካመፀባቸው ምክንያቶች አንዱ «ርስታችንን ሊወስዱብን ነው» የሚል ፍርሃት ነበር።

ሕጉ በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ የፍቺን ጉዳይ ለሽማግሌዎች ዳኝነት ተወ። ስለ ልጆች ግን ከዘመኑ የቀደመ ነገር ተናገረ፦ ልጅ ማን ጋ እንደሚኖር የሚወሰነው የልጁን ጥቅም በማየት ነው፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ ደግሞ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይሁን። 5 ዓመት! ገጠር ውስጥ ልጅ አርጩሜ ይዞ ጥጃ ለመከተል የሚበቃው እዚያ ዕድሜ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሽማግሌዎቹ በአገሩ ልክ ይሞሉታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስት በሕግ ቀረ። ለስንቱ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። ከርስት ጋር ግን ሌላም ነገር ሄደ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚገኘው በሐረግ ቆጠራ ሳይሆን በሚኖሩበት ቀበሌ ሆነ። እናቱ ጋ ያደገ ልጅ የአባቱን ወገን የሚፈልግበት፣ የአባቱም ወገን የሚቀበልበት ትልቁ ምክንያት ጠፋ። ዛሬ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፤ ይህ ለሴቶች ትልቅ ድል ነው፤ ስትፈታ ባዶ እጇን እንዳትወጣ ያግዛታል። ልጁን ከሁለቱም ጋር የሚያስረው ነገር ግን ደብተሩ ላይ የለም።

ያን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው አዲሱ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። የ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የፍቺን ውሳኔ ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት አመጣው፤ የሽማግሌ ድርሻ ማስታረቅ ሆነ። በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የልጆቹን ነገር ጨምሮ የፍቺውን ውጤት ተስማምተው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ካልጠበቀ ዳኛው ዝም ብሎ አያጸድቀውም። ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ አኗኗራቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውንና መጠያየቂያውን ራሱ ይወስናል። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ወላጅ መሆን ብቻውን ልጅ ለመውሰድ አይበቃም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ጥቅም ነው።

እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፤ የልጅ አስተዳደግ ስምምነት የሕግ ቦታ አለው። ጎዶሎው የምንጽፈው ነገር ነው። «ልጁ ከእናቱ ጋር ይሁን፣ አባት በየወሩ ይህን ያህል ብር ይክፈል» የሚል መስመር ደሞዝተኛ ላይ ይሠራ ይሆናል። በቡሬ ዙሪያ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ግን የወር ገቢ የለውም፤ ገንዘብ የሚያየው ምርቱ ሲገባ ነው። «ቀለብ» የሚለው ቃል ራሱ እህል እህል ይሸታል። ታዲያ ስምምነቱ ላይ «በጥር ይህን ያህል ኩንታል፣ መስከረም ሲጠባ ደብተርና ልብስ» ብሎ መጻፍ ምን ይከለክላል? አባት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ የሚወርድ ከሆነ፣ እሱ በሌለበት ልጁ አያቶቹን የሚያይበት ቀንስ ለምን አይጻፍ? ፋሲካ እዚህ፣ እንቁጣጣሽ እዚያ፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ስንት ሳምንት፤ ሕክምና ሲያስፈልግ ማን ይደውላል፤ አንዱ አገር ቢለቅስ? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ሌላ መስመር ያስፈልጋል፦ መንገድ ሲዘጋ ልጁ ማን ጋ ይቆያል? «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ያላት ከተማ ልጅ ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል።

ሽማግሌዎቹም ለዚህ አያንሱም። በሬና ላም ቆጥረው፣ ማሳ በገመድ ለክተው ማካፈል የሚያውቁ ሰዎች የልጅን በዓልና ክረምት መቁጠር አያቅታቸውም። ጠይቀናቸው ስለማናውቅ ነው።

ርስት ሄዷል፤ ይመለስም አልልም። አንድ የድሮ ቆጠራ ግን አሁንም አለ፦ ማግባት የሚፈልግ የጎጃም ልጅ እስከ ሰባት ቤት ዘመዱን መቁጠር አለበት፣ በእናቱም በአባቱም። «እናታቸው ጋ ናቸው» ተብሎ የተዘጋበት ልጅ ግማሹን ከማን ይማረዋል? ስምምነቱ ላይ ከቀለቡና ከበዓሉ ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨመር ጥሩ ነው፦ ልጁ የሁለቱንም ወገን ስም እስከ ሰባት ቤት ይማር፤ የእናቱን እናቱ አገር፣ የአባቱን አባቱ አገር።